ለሁሉም የተከፈተው ፎልደር

ክሊኒኩ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የሚንከባከበው ሰው ዲግሪ ስለሌለው «ገመድ ጎታች» ይሉታል። ክሊኒኩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲዘጋ የቀኑን የራጅ ፎቶዎች ወደ ቅርንጫፉ ሰርቨር የሚገለብጥ እሱ ነው። ማሽኑ በራሱ እንዲልክ ቁልፍ የሚሉትን ፋይል ሠርቶ፣ አንዱን ክፍል እዚህ፣ ጓደኛውን እዚያ አስቀምጧል። ማሽኑ ግን ወይ ፍንክች! በየቀኑ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ እሱም ቁጭ ብሎ ይጽፋል።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሴት ልጁ የእግር ኳስ ቡድን ለዋንጫ ይጫወታል። በረኛ ናት። አንድም ጨዋታዋን አላየም። ሥራ አስኪያጁን ቢለምነው፣ ያለ አንተ የሚላክ ከሆነ ሂድ፣ ካልሆነ ወንበርህን አትልቀቅ አለው። ኢንጂነሩን ጠይቅ ሲልም አከለበት። ኢንጂነሩ ማለት በገመድ ጎታቹ ፈንታ ሥልጠና የተላከው ሰውዬ ነው። እሱን ከሚጠይቅ ጣቱ ቢቆረጥ ይሻለዋል።

ቁልፉን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ሠራው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ጭንቅ ሲለው የቅርንጫፉን ሰርቨር ወደምትጠብቀው ሴትዮ ደወለ። እሷም እዚህ እኔ ጋ ሰርቨሩ እምቢ ያለበትን ምክንያት የሚጽፍበትን መዝገብ አይተኸው ታውቃለህ ብላ ጠየቀችው። ሁልጊዜ የሚያፈጥጠው የራሱ ስክሪን ላይ ነበር።

«እዚህ ቁልፍህ ያለበትን ፎልደር ማንም ሊጽፍበት ይችላል፣ ስለዚህ አላምነውም ነው የሚለው» አለችው። «ማነው እንዲህ የበረገደው ወንድሜ?»

«እኔው ነኝ እህቴ።»

ፋይል ቆልፎ ይዟል ብለው በስብሰባ ፊት ካዋረዱት ወዲህ፣ እጁ የነካውን ሁሉ ለሁሉም ይከፍታል። ሴትዮዋ ሳቋ አልቆም አላት፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። ፎልደሩን ለራሱ ብቻ አስቀርቶ ለሌላው ዘጋው።

ማሽኑ አንዲት ነገር ሳይጠይቅ ፎቶዎቹን ይልክ ጀመር። ሥራ አስኪያጁን ጠራና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በድጋሚ አሳየው። ሰውዬው ስክሪኑንም እጁንም አይቶ፣ «በል ሂድ» አለው።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሜዳው ደረሰ። ሴትዮዋ የቀኑ ፎቶዎች ሁሉ መድረሳቸውን በስልክ ጻፈችለት። የልጁ ቡድን ሁለት ለዜሮ ይመራል። ሁለት እጁን እያወዛወዘ ጮኸ። ልጁ ዞር ብላ አየችው፣ ዓይኗን ማመን አቃታት፣ እዚያው ደርቃ ስታየው ኳሱ በጎኗ አልፎ መረቡ ውስጥ ገባ። እሷ ግን በሳቅ ፈረሰች።

አጠገቡ የቆመ ሰው ተናደደ። «ያቺ ፈዛዛ የማን ልጅ ናት?»

«የእኔ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።