ወደ ግራ የሚስበው ዱባ

ነቪል ፕራውት ከፓምፕ ጋር ሲያወራ የሰማው ቢኖር ጨዋታ አዋቂ ነው ይለው ነበር። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ሲሆን የውሃ ፓምፑን «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው የምታኮርፊው?» እያለ፣ ሞተሩን እየሰደበ፣ ትራክተሩን እያባበለ ይውላል። ሰው በበሩ ብቅ ሲል ግን ምላሱ ይተሳሰራል፣ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል፣ ላቡ በጀርባው ይንቆረቆራል። ስለዚህ ዋላሩ ክሪክ በምትባለው ከተማችን ፓምፕ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ዕቃውን በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ችግሩን ጮክ ብሎ ለባዶው ጋራዥ ተናግሮ ይሄዳል። ነቪል ትራክተር ሥር ተኝቶ ይሰማል። እኛም ለምደነዋል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የነቪል ዝምታ ግን በሚስቱ በሎርና ቀብር ቀን ነቀዘ። ያን ቀን ሊናገር የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱና ሎርና እንዴት እንደተዋወቁ። ለማንም ነግሮት አያውቅም። ተነሣ፣ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም፣ ተቀመጠ። በእሱ ፈንታ የሎርና ወንድም ክላይቭ ተነሣና ስለ ኮርማው ተናገረ። አዎ፣ ስለ ኮርማው! በከብት ትርዒት ላይ እንዴት አንደኛ እንደወጣ፣ ምን እንደሚበላ፣ አንገቱ እንዴት እንደሚወፍር። የሟቿ ስም የተነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሷም ኮርማውን አንድ ጊዜ አይታው ነበርና። ክላይቭ ክፉ ሰው አይደለም፤ አፉ ግን ፍሬን የለውም።

አሁን ደግሞ አንድያ ልጁ ታምሲን ልታገባ ነው። አንድ ማለዳ ጋራዥ መጥታ ትራክተሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ሠርጉ ላይ የሙሽራ አባት ይናገራል፤ ታውቃለህ አይደል?»

እግሩ ብቻ የሚታየው ነቪል «አውቃለሁ» አለ።

«ካልቻልክ ግን ግዴለም። አጎቴ ክላይቭ እኔ አለሁ ብሏል።»

እግሮቹ ደረቁ።

«ኮርማው ሞቷል አይደል?»

«ሌላ ገዝቷል፣ አባዬ።»

በነጋታው ነቪል ሐኪም ቤት ሄደ። ዶክተር ራናሲንጌ ስንት ዓመት ወገቡን ያከሙት ሴት ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ፊታቸውን እያየ መናገር ስላልቻለ ለግድግዳው ተናገረ። ዶክተሯም ሳይስቁ ሰሙት።

«ይሄ ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም» አሉት። «ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባል ሕመም ነው። ይታከማል።»

«መርፌ አለው?»

«መርፌ እንኳ የለውም። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል። ሠርጉ መቼ ነው?»

«በሚቀጥለው ወር።»

«እንግዲያው እሱን ከሠርጉ በኋላ እንነጋገርበታለን። ሌላው የልብ ምትና የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ነው፤ ከንግግሩ በፊት አንዴ ይወሰዳል። አስም አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ጥሩ፤ አስቀድመው ቤትዎ ይሞክሩት። ግን ልብ ይበሉ፣ ይሄ እጅ ያረጋጋል እንጂ ምላስ አይፈታም። ምላስ የምትፈታው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሜሌ ናት።»

ነቪል ኪኒኑን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ሞከረው። እጁን ዘረጋ፤ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለው። ቆይቶ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚያስፈራ ሰው እንደሌለ ትዝ አለው። ክላይቭም በበኩሉ ምክር አልነፈገውም፤ «ሰዉን ሁሉ ራቁቱን እንደሆነ አድርገህ አስበው፣ ወዳጄ፤ ፍርሃትህ ብን ይላል» አለው። ነቪል ምክሩን ፖስታ ቤት ውስጥ በአሮጊቷ ፖስተኛ ላይ ሞከረው። ከዚያ ወዲህ ፖስታውን የምታመጣለት ታምሲን ናት።

ሜሌ በየሐሙሱ ወደ ከተማችን የምትመጣ ወጣት ናት፤ የቶንጋ ደሴቶች ልጅ፣ ስትስቅ ጣሪያው የሚነቃነቅ። ሕክምናዋ የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ እያደረጉ ወደ ከባዱ መውጣት ነው። ነቪል መጀመሪያ መንገደኛ አስቁሞ ሰዓት ጠየቀ። ቀጥሎ ዳቦ ቤት ገብቶ ያዘዘውን ኬክ በሌላ አስቀየረ። ሁለቱንም ጊዜ የሚሞት መስሎት ነበር፤ አልሞተም።

«አሁን ትልቁ መጣ» አለችው ሜሌ። «በጣም የሚፈሩት ምንድን ነው?»

«ሰው ሁሉ አይቶኝ እንዳይስቅብኝ።»

«እንግዲያው ሄደን እናስቃቸዋ! አንድ አትክልት በገመድ አስረው፣ ቅዳሜ በዋናው መንገድ እየጎተቱ ይሂዱ።»

«ምን አትክልት?»

«ቤትዎ ያለውን።»

ቤቱ ያለው ዱባ ነበር። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል፤ ሌላው ሰው በካሮት ይድን ይሆናል።

ነቪል ዱባውን ጓሮው ውስጥ ጎትቶ ሞከረው። ልጣጩ ተፋቀ። ይሄን ደግሞ የመካኒክ አንጀቱ አልቻለም። ከአሮጌ የሕፃን ጋሪ ጎማ ፈታ፣ ኩሽኔታ ቀየረ፣ ግራሶ ቀባ፣ ሳንቃ ላይ ገጠመ፣ ዱባውን ከላይ አሰረ። ቅዳሜ ማለዳ ገመዱን ይዞ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ።

ምስኪን! የት እንደሚኖር ረስቶታል። እኛ አገር ሰው ዝሆን እየነዳ ቢመጣ «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ብለን እናልፋለን እንጂ አንጠይቅም። መንገደኛው ሁሉ ዱባውን አየ፣ ነቪልን አየ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ አለፈ። ለእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ መንገድ ዳር ቋሊማ የምትጠብሰው ግሌኒስ ብቻ መጥበሻዋን ትታ ጎንበስ አለች።

«ጥሩ ዱባ ነው፣ ነቪ» አለችው። ጎማዎቹን ትንሽ አየችና፣ «ግን ወደ ግራ ይስባል።»

ነቪል ቀጥ አለ። ይችን ቃል ድሮ ከሌላ አፍ ሰምቷታል።

«አይስብም» አለ።

«ይስባል እንጂ! ዓይን የለኝም እንዴ?»

«የተንጋደደው መንገዱ ነው! ኩሽኔታው አዲስ ነው፣ ጎማዎቹ እኩል ናቸው፤ ወደዚህ ነይ፣ ራስሽ ግፊው...» እያለ ቋሊማው እስኪያር ድረስ ተናገረ። ሰው ከበበው። አንዱ «ይስባል» ሲል ሌላው «አይስብም» ሲል፣ ነቪል ለሁሉም በየተራ መልስ ሲሰጥ ቆየና፣ ድንገት በሕዝብ መሃል ቆሞ እያወራ መሆኑን አወቀ። ፊቱ ቲማቲም ሆነ። ዱባውን አፈፍ አድርጎ ሮጠ።

ሐሙስ ለሜሌ ስሞታ አቀረበ። «አንድም ሰው አልሳቀብኝም!»

«የፈሩት እሱን አልነበር?»

«ነበር። ግን ወደ ግራ ይስባል አሉኝ እኮ!»

አለመሳቡን ለማስመስከር በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሰ። ሲደርስ ግማሹ ከተማ ጎማ ያለው ዱባ ይዞ ይጠብቀዋል። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ማንም አልጠየቀም። ክላይቭ ከሁሉ የገዘፈውን ይዞ መጥቶ «ውድድር!» ብሎ ጮኸና ዱባውን ከቁልቁለቱ አፋፍ ለቀቀው። ዱባው ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ ፓስተሩን አስዘልሎ፣ የዳቦ ቤቱን በር በርግዶ ኬኮቹ ላይ ሰፈረ።

«ፍሬን አላሠራህለትም?» ብሎ ጮኸበት ነቪል፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ለዱባ ፍሬን?» አለ ክላይቭ።

ሠርጉ ደረሰ። የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነቪል ኪኒኑን በሰዓቱ ውጧል። ስሙ ሲጠራ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ልቡም በእርጋታ ትመታለች። ኪኒኑ የድርሻውን ተወጥቷል። ምላሱ ግን እንደ ቀብሩ ቀን ተጣበቀ። ክላይቭ ሹካውን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ኮርማው ሊመጣ ነው።

ታምሲን ወደ አባቷ ዘንበል አለች።

«አባዬ፣ ዱባው እኮ ወደ ግራ ይስባል።»

«አይስብም!» አለ ነቪል፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዕድሜ ልኩን የፈራው ይኸው መጣ፤ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ። ነቪል የሚሆነውን ጠበቀ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ደስ ይል ነበር።

«እናትሽም እንዲሁ አለችኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መኪናዋን ይዛ መጣችና፣ ወደ ግራ ይስባል አለችኝ። ከሥሩ ሳልወጣ ጎማውን አስተካከልኩላት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም ይስባል። መሪውን ፈትቼ ገጠምኩት። በሳምንቱ መጣች፤ ይስባል። ክረምቱን ሙሉ! የቀረ ዕቃ የለም፣ ሁሉን ቀየርኩት።» ወደ ተጋባዡ ዞረ። «መኪናው ምንም አልሆነም ነበር። አንድ ቀን ከሥሩ ወጥቼ ፊቷን ሳየው ነው ለምን እንደምትመላለስ የገባኝ። ቀብሯ ላይ ይሄን ልነግራችሁ ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።»

ተቀመጠ። ታምሲን ሜካፗ እስኪፈስ አለቀሰች። ክላይቭም በጠረጴዛው ጨርቅ ዓይኑን ጠራረገና ብድግ አለ፤ «እኔም አንድ ጊዜ ኮርማዬ...»

«ተቀመጥ፣ ክላይቭ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

ቀጥሎ ጭፈራ ሆነ። ሰው በሚያይበት ጨፍሮ የማያውቀው ነቪል ልጁን ይዞ መሃል ገባ። የቀሚሷን ጫፍ እየረገጠ፣ ከተጋባዡ ጋር እየተጋጨ ሁለቴ ዞሩ።

«አባዬ» አለችው ታምሲን በጆሮው፣ «ወደ ግራ ትስባለህ።»

«አውቃለሁ» አለ ነቪል። «ሆን ብዬ ነው።»