የፌዶሲያ ከንፈር

በዚያ የኮዲያክ ደሴት መንደር ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ባሕሩ ወደ ሸሸበት ጭቃ ይወርዳል። ሥጋም ዓሣም የሚከለክለው ጾም ከጭቃው የሚለቀመውን ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ግን ይፈቅዳላ! ያ ዛጎል ታዲያ ብርዱ አልፎ ባሕሩ ሲሞቅ የሚፈላውን መርዘኛ አልጌ ከውሃው ጋር ይመጥጠዋል፤ ቢቀቅሉትም መርዙ አይሞትም። ስለዚህ መርዙ የሚበዛባት ጥቁሯ ጫፍ ተቆርጣ ትጣላለች፤ ከዚያ ድስቱ ወደ ፌዶሲያ ይሄዳል። እሷ አንዷን ከንፈሯ ላይ ታሳርፋለች። ውርር ካደረጋት ይደፋል፣ ካላደረጋት ይበላል። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ዘንድሮ ግን ፌዶሲያ ጉድ ይዛለች። ከገና ወዲህ ግማሽ ፊቷ ደንዝዟል፤ ትኩስ ሻይ ሲፈስባት እንኳ አይታወቃትም። ለማን ትንገር? ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ሰው ደጇን የሚያንኳኳው ለዚያች ከንፈር ነው ብላ ታምናለች፣ ምስኪን። እናም የመጣላትን ድስት ሁሉ «ውርር አደረገኝ፣ ድፉት» እያለች መለሰች።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ማካሪ ድስቱን አቅፎ ገባ። ሴት ልጁ ዞያ፣ የመንደሩ ጤና ረዳት፣ ቦርሳዋን አንግታ ተከተለችው።

«እትዬ፣ በሞቴ ዛሬ እንኳ አሳልፊልኝ!»

ፌዶሲያ ከንፈሯ ላይ አሳረፈች። ምንም አልተሰማትም።

«ውርር አደረገኝ። ድፋው።»

«አሁንስ አበዛሽው! የስቴፓንን አስደፋሽ፣ የቄሱን አስደፋሽ። ይኼ ከንፈር ነው ወይስ ኬላ?»

«ማካሪ፣ ተው ብዬሃለሁ!»

«አባባ፣ ናሙና ልከን እናስመርምር ስልህ ነበር እኮ» አለች ዞያ።

«መልሱ እስኪመጣ ፋሲካ ያልፋል!» አለና በእልህ ሦስት አራቱን ዋጥ ዋጥ አደረገ። «ይኸው! ምን ሆንኩ?»

ያኔ መናገር ነበረባት። አፈረችና ሻይ ልትቀዳላቸው ተነሳች።

የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ማካሪ ጣቶቹን አፉ ላይ አደረገ። «እትዬ... እውነትሽን ነው» አለ እየተኮላተፈ። ሊነሳ ሲል እግሩ ከዳው። ቆይቶ መተንፈስም አቃተው። ዞያ ከቦርሳዋ የትንፋሽ መስጫውን ከረጢት አውጥታ አፍና አፍንጫው ላይ ደፋችና አውሮፕላን እንዲላክላቸው ለመደወል ስትነሳ ከረጢቱን ለአክስቷ ሰጠቻት።

«አክስቴ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። እንዳታቆሚ! ሁሉንም ይሰማል፤ መንቀሳቀስ ነው ያቃተው።»

አውሮፕላኑ እስኪመጣ፣ ከዚያም ሆስፒታል እስኪደርሱ ጨመቀች። ይሰማል ከተባለማ ነገረችው።

«ዋሽቼህ ነው፣ ማካሪዬ። ምንም አላደረገኝም። ከንፈሬ ከገና ጀምሮ በድን ነው። ይህን ካወቁ ደጄን ማን ይረግጣል ብዬ ፈራሁ። አደራህን፣ ወንድሜ፣ እንዳትሞትብኝ።»

ማካሪ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። እያለቀሰች መጭመቋን ቀጠለች።

በማግስቱ ሐኪሞቹ ያስገቡለት የመተንፈሻ ቱቦ ከጉሮሮው ሲወጣለት አጠገቡ ነበረች። ድምፁ ሻክሯል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቁብኛላችሁ ብዬ።»

ማካሪ እጁን በስንት መከራ አንስቶ የደነዘዘውን ጉንጯን ዳበሰ። እጁ እዚያ መሆኑን ያወቀችው አይታ ነው።

«እስቅብሽ ነበር» አላት። «ስቄ ስቄ ሲበቃኝ፣ ድስቱን እደፋው ነበር።»