የቁልቁለቱ የዱር ዝንጅብል

ዚቡዪሌ ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ቀስ እያለች ትገፋለች። አጠገቧ የተዘረጋው ደብተር ገና ግማሹ ነው የተጻፈው፦ «ቅጠሉ ሹል፣ ሁለት ስንዝር የሚሞላ። አበባው ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ይፈካል፤ ጠርዙ ሐምራዊ፣ ጉሮሮው ቢጫ። ሲታሽ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል፤ ግን ከገበያው ዝንጅብል ቀዝቀዝ ያለ፣ ዘግየት ብሎ የሚደርስ።» ይህችን የሽታ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዛ ነው የጻፈቻት። ተክሉ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ ዛሬ ካልተጻፈ ነገ ማንም አያገኘውም። አሁን የቀራት ሥሩ ብቻ ነው።

የእናቷ ወንድም ምፋኒሴኒ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ እንደ ፍልፈል መጫር ነው ያስተማሩሽ?»

«ፍልፈል ደመወዝ የለውም፣ አጎቴ።»

«አንቺ ካለሽማ ትንባሆ ግዢልኛ።»

በመጪው ወር አንድ የእንጨት ድርጅት ቁልቁለቱን መንጥሮ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ነው። ያኔ ከሥር ያለው ምንጭ ይደርቃል፤ መንደሩ ደግሞ ሌላ ውኃ የለውም። ከአካባቢው ዱር ጠፋ የተባለው ኢንዱንጉሉ፣ ይህ የዱር ዝንጅብል፣ እዚህ በራሱ በቅሎ ከተገኘ ግን ምንጠራው በሕግ ይቆማል። ይህን ለአጎቷ በስልክ የነገረቻቸው ዕፀዋት አጥኚዋ እሷው ናት። ሳምንት ሳይሞላ ደውለው «አገኘሁት» አሏት።

ጣቷ ሥሩን ነካ። ወደ ታች መውረድ ሲገባው ክብ ሠርቶ በራሱ ላይ ተጠምጥሟል፤ ላስቲክ ውስጥ ያደገ ችግኝ ሥር ነው። የቁልቁለቱ አፈር ቀይ ሆኖ ሳለ ይህ ጥቁርና ልል ነው። ከመሃሉ ጥፍር የምታህል የላስቲክ ቁራጭ አውጥታ በመዳፏ አሳየቻቸው።

«ሁሉንም የለቀምኩ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ከየት አመጡት?»

«ከደርባን ገበያ። አንዲት መድኃኒት ሻጭ ጓሮዋ ታፈላዋለች። ማን ያውቃል? ቅጠል እንደሆነ ቅጠል ነው።»

«ድርጅቱ ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ልኮ ያስቆፍራል። ሥሩን ሲያይ ያውቃል።»

«የተጠመጠመውን ቁረጪዋ።»

«ከተቆረጠ ይሞታል። ደግሞ እኔም አውቄዋለሁ።»

ምፋኒሴኒ መሬት መሬቱን አዩ።

«በራሱ የበቀለ አንድ እንኳ የለም?» አለች።

«ከየት ይመጣል? ከዚህ ቁልቁለት ሥሩን አርባ ዓመት ቆፍሬ የሸጥኩት እኔ። የመጨረሻዋን ደግሞ አንቺ ነሽ ያኘክሻት፤ ልጅ ሆነሽ ሳል አላስተኛ ያለሽ ጊዜ።»

ዚቡዪሌ ደብተሯን ስባ፣ «ሥሩ ክብ የተጠመጠመ፤ በሰው እጅ የተተከለ» ብላ ጻፈች። ቀኑንና ስሟን ጨመረች።

አጎቷ ተንበርክከው አፈሩን ይመልሱ ጀመር።

«ውኃ ላጠጣት?»

«ያጠጧት።»

ጣሳቸውን ይዘው ወደ ምንጩ ወረዱ። እሷ አንድ ቅጠልና አንዲት አበባ ጋዜጣ መሃል አስተኛች፤ ጋዜጣውን በሁለት ጣውላ አጣብቃ በጠፍር ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው።