ፎቶው ላይ የቀሩት እጆች

ኦብዱሊያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳዋን የበላችው ለዚያ ፎቶ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ፎቶው ፋካታቲቫ በምትባል ከተማ ባለው የአበባ እርሻ፣ በሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእርሻው ኢንጂነር ሊሳንድሮ ከረባቱን አስሮ ፈገግ ብሏል፤ ከፊቱ ሁለት እጆች ጥቁር ኮምፖስት ዘግነዋል። ከሥሩ «ቆሻሻን አፈር ያደረገ መሪ» ይላል። እጆቹ የኦብዱሊያ ናቸው። መቀስ የበላው የግራ አውራ ጣቷ ጥፍር ይመሰክራል። የቀረው አካሏ ተቆርጦ ወጥቷል።

የጽጌረዳውን ግንድ ቁርጥራጭ ከላም እበት ጋር ደባልቃ መከመር የጀመረችው እሷ ነበረች። ያኔ ሊሳንድሮ «አይጥ ሊጠሩብን ነው» ብሎ ሁለቴ አስበትኗታል። ሦስተኛውን ከመጋዘኑ ጀርባ ደበቀችው። እንግዶች አይተው ሲያደንቁ፣ ክምሩ የሱ ሆነ።

የፍቅረኞች ቀን ጥድፊያ ጋብ ሲል ሊሳንድሮ ከተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ ሚሬያ የምትባል ልጅ መጣች። ተመራቂዎቻቸው በሥራ ቦታ ተፈጥሮን በመጠበቅ ምን ያህል መሪ እንደሆኑ ትለካለች። ስለ ሊሳንድሮ ከአለቆቹ አንድ፣ ከበታቾቹ አንድ ሰው ቅጽ ይሞላል። ከበታቾቹ ኦብዱሊያን ራሱ ሊሳንድሮ መረጣት፤ «ዶኛ»፣ ማለትም እመቤት፣ ብሎም አከበራት።

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ ከፍተኛዋን ነጥብ፣ አምስት አምስቷን ያክብቡልኝ። በማንበብ ዓይንዎን አያድክሙ።»

«እሺ ዶክተር።»

ዶክትሬት የለውም። ከረባት ግን አለው።

ከጎኗ የምትሠራው ኒዲያ በክርኗ ጎሰመቻት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውልሽ ዓርብ ያልቃል። የሚያድሰው እሱ ነው። አክብቢና ተገላገይ!»

«ሳላነብ አልፈርምም።»

«በሦስተኛ ክፍል ትምህርትሽ መቼ ልትጨርሺ ነው?»

«ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። እስከ ምሳ አያቅተኝም።»

በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ብክነት የሚቀንስ ሐሳብ አመንጭቷል? ተቃውሞ ሲገጥመው ጸንቷል? ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ። ስህተቱ የተጠየቀለት ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ የሊሳንድሮን ስም ሰረዘችና «ኦብዱሊያ ቻፓሮ» ብላ ጻፈች። የትምህርት ክፍል፦ ግንድ መቁረጫ፣ አራተኛው ጠረጴዛ። የተመረቁበት ዓመት፦ አልተመረቅሁም። ለሐሳቡ አምስት፣ ለጽናቱ አምስት አከበበች። ፈረመች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚሬያ ቅጹን ይዛ መጣች። «ዶኛ፣ ይሄ እኮ የተመራቂዎች ነው።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ሥራው ግን የሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት።»

ኦብዱሊያ ተነስታ የግራ አውራ ጣቷን ፎቶው ላይ ካለው ጣት አጠገብ አቆመች። አዳራሹ ማኘኩን ተወ። ሚሬያ ጣቱን አየች፤ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ሊሳንድሮን አየች። ሊሳንድሮ ሾርባው ውስጥ አንድ ነገር የጠፋበት ይመስል ያማስላል።

«እዚህ ጋ ግን ለራስዎ ሁለት ነው የሰጡት» አለች ሚሬያ ቀስ ብላ፤ «ሌሎችን ያነሳሳል የሚለው ላይ።»

«መዋሸት አልወድም። በስድስት ዓመት ያነሳሳሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ያው፣ ሾርባውን እያማሰለ ነው።»

ከዚያ ሳህኗን አንስታ፣ ፊቷን ወደ ፎቶው አዙራ ምሳዋን በላች።