ሁለቱ የግራ ፊቶች

ሹራብ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ካሜራ ነው የሚላት። አንድ ሹራብ እጇ ገብቶ ከፊት ከኋላ አገላብጣ ካየችው በቃ፣ ልክ እሱን የመሰለ ሠርታ ታስረክባለች። እናቷ ያስተማረቻት እንዲያ ነው፤ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ «እጄን እዪ እንጂ አፌን አትዪ» እያለች። ስለ ወረቀት ማንም ነግሯት አያውቅም።

ወረቀቱ የመጣው ከአዲሶቹ ደንበኞች ጋር ነው። እነሱ እንደ ድሮዎቹ ሹራብ ልከው «እንዲህ ያለ ሥሩልን» አይሉም። ካሬ ካሬ የተሰመረ ወረቀት ይልካሉ። ካሬዎቹ ውስጥ ነጥብ፣ ሰረዝና ዘንበል ያለ መስመር ተበትኗል። አንዱ ካሬ አንድ ዓይን፣ ማለትም በመርፌ የሚሳብ አንድ የክር ቀለበት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያሉት ካሬዎች ደግሞ አንድ ረድፍ። ኃላፊዋ አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹን ሰበሰበችና ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ይህን የማታነብ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሹራብ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ አትቀመጥም» አለች። «አጠባ ክፍል ሰው አንሶታል።»

አጠባ ክፍል ማለት ቀኑን ሙሉ እጅን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሱፍ ማጠብ ማለት ነው። እዚያ ሁለት ዓመት የቆየች ሴት ጣቷ አብጦ ክር መያዝ ያቅታታል። ካሜራ ጠረጴዛው ሥር እጆቿን አሻሸቻቸው። ከነሱ ሌላ የምትተማመንበት ነገር አልነበራትም።

ወረቀቱን እንደ ውኃ የምትጠጣው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ወንበሯን ጥግ ወስዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ ሰው አድርጋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ስሟ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። የት ትሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ሰው ከኋላዋ ሲያልፍ መርፌዎቿን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች፤ ሲርቅ ታነሳቸዋለች።

«ጤነኛ ሰው ለግድግዳ ሹራብ አያሳይም» ትላለች ያለቀለትን ሹራብ የምትተኩሰው ሴት። እሷን ደግሞ ካውያ ነው የሚሏት፤ እጇም አፏም ያቃጥላል። «ወይ ከፖሊስ ተደብቃለች፣ ወይ ባል ደብቃለች።»

እናም አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ይህችው ግድግዳ ካሜራ ፊት መጥታ ቆመች።

«ወረቀቱን ላሳይሽ?» አለቻት።

«ለምን?»

«ለምን ማለት?»

«ምን ታገኚበታለሽ?»

«ምንም።»

ካሜራን ያልጣማት ይሄ «ምንም» ነው። እሺ ግን አለች፤ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በጠባቡ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። ግድግዳ ወረቀቱን ካሜራ ፊት ትዘረጋላታለች። «ከታች ነው የሚጀመረው፤ ሹራብ እንደ ቤት ከታች ወደ ላይ ነው የሚያድገው» አለቻት ግድግዳ በመጀመሪያው ቀን። ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ አየችና መልሳ አዞረችላት፤ ከዚያ የታችኛውን የግራ ጥግ በጣቷ ነካች። «ከዚህ። የመጀመሪያው ረድፍ ልክ እንደ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሥራውን ገልብጠሽ ስትመለሺ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ። ባዶው ካሬ ቀጥታ ዓይን፣ ነጥብ ያለበት ግልብጥ ዓይን።»

ካሜራ እጇን እያየች ተከተለቻት። የግድግዳ እጅና የእሷ እጅ በአንድ ወገን አብረው ይሄዱ ነበር። ሁለቱም ለልምምድ ግራ ቀኙ አንድ የሆነ የአልማዝ ቅርጽ ሠሩ፤ እኩል ወጣ። ካሜራ ደስ ሊላት ሲል ካውያ ጆሮዋ ሥር መጣችባት።

«ኃላፊዋ ‹ለወረቀቱ ሁለት ሰው ይበቃኛል› ስትል ሰምቻለሁ። አንዷ ይህችው ናት። ሁለተኛዋን የእህቷን ልጅ ልታስገባ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? አንቺን አጣማ አስተምራ ካስወደቀችሽ ወንበሩ ባዶ ነው።»

«እህት አላት እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ግን ሊኖራት ይችላል።»

ነገሩ የካውያ ወሬ ነው፤ ቢሆንም ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራ ወረቀቱን እንጂ ሥራዋን ለግድግዳ አታሳይም። ስትሠራ በጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ስትነሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ትዘጋለች።

ኃላፊዋ መፈተኛ ያደረገችው ሥራ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሥራው ፊቱ ተከፍቶ በቁልፍ የሚቆለፍ ሹራብ ነው። ኃላፊዋ የግራውን ፊት ወረቀት ለግድግዳ፣ የቀኙን ፊት ወረቀት ለካሜራ ሰጠች። «ዓርብ ሁለቱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አጋጥሜ አያለሁ። ወረቀቱን እመኑ፤ ዓይናችሁን አይደለም» አለች፤ የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ያየችው ካሜራን ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ የብብቱ ጉርድ፣ ለእጅጌው የሚቀነሰው ወገን፣ ሲጀምር፣ የካሜራ ዓይን ጮኸባት። ጉርዱ በተሳሳተው ወገን የመጣ መሰላት። ጨርቁን ጎትታ ሥራውን ሸፈነችና ወረቀቱን ብቻ ይዛ ወደ ጥጉ ሄደች።

«የምጀምረው ከዚህ ጥግ ነው አይደል?»

ግድግዳ መርፌዋን ቶሎ ጭኗ ላይ ጣለች። የካሜራን ጣት አየች። «አዎ፣ ልክ ነሽ። እስኪ ሥራውን ልየው?»

«አያስፈልግም።»

ሄዳ ቀጠለች። እንዲህ አጥብቃ ልታየው የፈለገችው ለምንድን ነው እያለች ነበር የምትሠራው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ሁለቱን ቁርጥራጮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች። የሁለቱም ብብት በአንድ ወገን፣ የሁለቱም የአንገት ጉርድ በአንድ ወገን። መንትዮች ነበሩ። ሁለቱም የግራ ፊት ናቸው።

«ሁለት ግራ ደረት ያለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ኃላፊዋ።

መልስም ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ወረቀት አንብቢ ነው ያልኩሽ፤ የጎረቤትሽን ሥራ አይተሽ ገልብጪ አላልኩሽም። ለካስ ስምሽ ያለ ነገር አልወጣም!»

«እትዬ፣ የእሷን ሥራ አንድም ቀን አላየሁትም! ፊቷን ለግድግዳ ሰጥታ ምኑን አየዋለሁ?»

«እንግዲያው የቀኝ ፊት ወረቀት እንዴት ግራ ወለደ?»

ካሜራ ዞር ብላ ግድግዳን አየቻት። ግድግዳ ሁለቱን ቁርጥራጮች ታያለች፤ ከዚያ እጆቿን አየች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ከሰኞ ጀምሮ አጠባ ክፍል» አለች ኃላፊዋ፤ ሄደች።

አሁን ካሜራ ጥርጣሬ የላትም። ግድግዳ የከፈተችውን አፍ መዝጋቷን በዓይኗ አይታለች።

ቤት ስትገባ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ክር ትጠቀልል ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ጣቶቿ ግን አሁንም ያያሉ። ካሜራ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«የት ተቀምጣ ነው ያስተማረችሽ?» አለች እናቷ።

«ፊት ለፊቴ።»

«እኔ አንቺን ፊት ለፊት አስቀምጬ አውቃለሁ? ፊት ለፊት ያለ ሰው ቀኙ ያንቺ ግራ ነው እኮ። ሹራብ እንዲያ ይማሩታል?»

«እሱ አልጠፋኝም እማዬ። የእሷ እጅ ግን ከእኔ ጋር በአንድ ወገን ነው የሚሄደው። መስታወት የማይ ነው የሚመስለኝ።»

የእናቷ እጅ ልቃቂቱ ላይ ቆመ።

«እንግዲያው ግራኝ ናታ!»

«በቀኟ ነው የምትጽፈው፤ አይቻታለሁ።»

«መጻፉንማ በኩርኩም ያስተምሩታል። መርፌ ሲይዝ ግን ማን ያየዋል?» እናቷ ልቃቂቱን አስቀመጠችና ባዶ እጆቿን እንደ ሠሪ አንቀሳቀሰች፤ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ በተቃራኒው። «እኛ ዓይኑን ከቀኝ ወደ ግራ እየበላን ነው የምንሄደው። ግራኝ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ወረቀት የሚያነብ ሰው እጁ ከሚጀምርበት ወገን ካልጀመረ፣ የሚወጣለት ግልባጩ ነው።»

ካሜራ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች፤ አንዱን አውልቃ ሌላውን ረሳችው። ግድግዳ ለምን ግድግዳ እንደሆነች አሁን ገባት። ግራኝነቷን ነው የምትደብቀው። ግን አውቃ ነው ያጣመመችኝ ወይስ ሳታውቅ? ይሄን የሚነግራት ወረቀት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይገባ ደረሰች። ግድግዳ ቀድማት ጥጓ ውስጥ ነበረች። ካሜራ ወንበር እየጎተተች ሄዳ አጠገቧ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠች። መርፌዎቹ ቆሙ።

«ሥሪ» አለቻት።

«ምን?»

«ሥሪ፣ ልይሽ።»

ግድግዳ መሥራት ጀመረች። ዓይኖቹን ከግራ ወደ ቀኝ እየበላች ነው የምትሄደው፤ የምትወጋው ግራ እጇ ነው። ክፍሉ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ሌላ እጅ የለም።

«ሁሉም ሰው ከግራ የሚጀምር ነው የመሰለኝ» አለች ግድግዳ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ወረቀቱን ብቻዬን ነው የተማርኩት። ከግራ ስጀምር ልክ ይመጣልኛል። ሌላ ሰው ሲያነብ አይቼ አላውቅም።»

«ትናንትስ? ሁለቱን ስታዪያቸው ገብቶሻል።»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምነው ዱዳ ሆንሽ?»

«የነበርኩበት ቤት ‹የግራኝ ሥራ ከሰው ሥራ ጋር አይጋጠምም› ብለው ነው ያሰናበቱኝ። ልናገር ብዬ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።»

«እና እኔ በአፍሽ ምክንያት አጠባ ልግባልሽ?»

ግድግዳ መርፌዎቹን አስቀመጠች። «አንቺስ ለምን ሥራሽን ደበቅሽኝ? ሦስተኛው ቀን ላይ ብታሳዪኝ ኖሮ ወዲያው አውቀው ነበር። ልየው አላልኩሽም?»

ካሜራ ሥራዋን የሸፈነችበትን ጨርቅ አስታወሰች። እውነት ነው፤ ብላታለች። ጨርቁን የጎተተችው እሷው ራሷ ናት።

ኃላፊዋ ስትገባ ግድግዳ ተነስታ ቆመች።

«እትዬ፣ እኔ ግራኝ ነኝ። በእኔ እጅ ልክ የሚሆነውን ነው ያስተማርኳት። የገለበጥኩባት እኔ ነኝ።»

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች ካውያ ከበሩ። «እኔ ደግሞ በባል እጠረጥራት የለ!»

ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም። አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። «ጥሩ አድርጋችሁ ተመካክራችኋል» አለች። ቁልፍ አውጥታ መሳቢያዋን ከፈተችና ማንም አይቶት የማያውቅ ትንሽ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ላይ በነጥብ የተሞላ ወፍ አለ፤ ምንቃሩ ወደ ቀኝ ያያል።

«ነይ ቢሮዬ። ብቻሽን። እኔ ፊት ትሠሪዋለሽ» አለቻት ካሜራን።

ካሜራ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋች። ጣቷ በልማዱ ወደ ግራው ጥግ ሄደ፤ ጎትታ መለሰችው። ከቀኝ ጥግ ጀመረች። ኃላፊዋ ሻይዋን ይዛ ከካሜራ እጅ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ካሜራም የወረቀቱን ካሬዎች በሹክሹክታ ቆጠረች፤ ይህ ሁሉ የእናቷ ግምት ቢሆንስ? ግድግዳ ለሁለተኛ ጊዜ ሸውዳት ቢሆንስ? እግሩ መጣ፣ ሆዱ መጣ። አንገቱ ላይ ስትደርስ መዳፏ አልቦት መርፌው ይንሸራተትባት ጀመር። ጭንቅላቱ አልቆ የቀረውን ጠርዝ ዘጋችና ለኃላፊዋ ሰጠቻት።

ኃላፊዋ ወፉን ወረቀቱ ላይ አነጠፈችው። ምንቃር በምንቃር ላይ ወደ ቀኝ ገጠመ። አነሳችው፤ መልሳ አነጠፈችው። ምንም የምትነቅፈው ነገር አጣች።

«ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ነሽ» አለች በመጨረሻ። «ያንን ፊት ፍቺውና እንደገና ጀምሪ።» በሩ ላይ ቆማ ደግሞ ወደ ጥጉ ጮኸች፦ «አንቺም ወንበርሽን አዙሪ! ሦስት ወር ሙሉ ጀርባሽን እያየሁ ክር ትሰርቂ ይሆን እያልኩ ስቆጥር ነው የኖርኩት!»

«ግራውን ለግራኟ፣ ቀኙን ለካሜራ!» አለች ካውያ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሰኞ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ የካሜራ ቀኝና የግድግዳ ግራ ክርን ተላተሙ፤ ቦታ ሲቀያየሩ ተስማሙ። ካሜራ የአራት ቀን ድካሟን ፈትታ ልቃቂት አደረገችው፤ ከዚያ ከቀኙ ጥግ ጀመረች።

«ስንተኛ ረድፍ ደረስሽ?» አለች ግድግዳ አንገቷን ሰገግ አድርጋ።

የካሜራ እጅ ወደ ጨርቁ ሄደ። ደረሰና ቆመ። ሥራውን እንዳለ ገፋ አደረገችላት።

«ቁጠሪልኝ እስኪ።»

«ሃያ ሁለት» አለች ግድግዳ፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ካሜራ ግድግዳ ፊቷን እስክታዞር ጠበቀችና በጣቷ ጫፍ፣ ቀስ ብላ፣ ከታች ጀምራ እንደገና ቆጠረችው። ሃያ ሁለት ነበር።