ሳጥን ውስጥ የተደበቀችው ልጅ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወቅት መጋላ ሰፈር ውስጥ ክፉ ወሬ ተናፈሰ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሕፃናትንና የሽማግሌዎችን ክንድ የሚለኩት የጤና ሠራተኞች፣ የከሳውን ሁሉ ለይተው ወደ ሰፈራ ሊያስጭኑት ነው ተባለ። የምድር ባቡር ጡረተኛው አቶ ሀብተ ማርያም ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል አልዋጥ አላቸው። የቀረቻቸው አንዲት የልጅ ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ የሞቱባት ማዘንጊያ። እሷም ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ሲንኳኳ፣ ልጅቷን የልብስ ሳጥን ውስጥ አስገብተው ከደኑባት። የገባችው ተሻለች የምትባል ወጣት ነርስ ነበረች። ደጃፉ ላይ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ቆሟል።

“አባባ፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ?”

“ኧረ ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።”

ነርሷ የእርሳቸውን ክንድ መለካት ጀመረች። ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ አግሎታል። ከሳጥኑ ትንሽ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ጭጭ አለ። ከጠመንጃው ይልቅ ዝምታው አስፈራቸው።

“ልጄን! ልጄን!” እያሉ ክዳኑን በረገዱት።

ማዘንጊያ በላብ ተነክራ ዝላለች። ተሻለች አፈፍ አድርጋ ወደ ደጅ አወጣቻትና ውሃ ረጨችባት። ልጅቷ ቃተተች፤ ከዚያም አለቀሰች።

“የምንለካው ወተትና አልሚ ምግብ የሚያስፈልገውን ለማወቅ ነው፣ አባባ። ማንም አይወስድብዎትም” አለቻቸው።

እሺ አሉ እንጂ ልባቸው አላመነም። ከዚያ በኋላ ማዘንጊያ በጤና ጣቢያው ወተት እየወፈረች ሄደች። እርሳቸው ግን ወረፋው ላይ እጇን ጨብጠው፣ በር በሩን እያዩ ነበር የሚቆሙት።