ፈንግል የገባ ሰሞን

በ1970 ግንቦት ወንድሜ አምኃ ጓዳችን ውስጥ ከተደበቀ ሰባት ሳምንት ሆኖት ነበር። ቀበሌው ይፈልገዋል፤ ከተያዘ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ለጠየቃት ሁሉ ጎጃም ሄዷል ትላለች። አባታችን ስለሞተ፣ ለጉለሌ ጎረቤቶቻችን የሁለት ሴቶች ቤት ነበርን።

እኔ የምሠራው የዶሮ ክትባት የሚሞከርበት ላቦራቶሪ ነው። አምኃ ሥራ ፈትቶ ስለሚውል ስገባ ያስለፈልፈኛል። ያን ሰሞን ፈንግል የሰፈሩን ዶሮ ሲፈጅ፣ ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ሕዋሱ ላይ ይለጠፋል፣ የሚያስገባው ፕሮቲን ግን ካልተቆረጠ አይሠራም፣ ቫይረሱ ደግሞ መቁረጫ የለውም አልኩት።

«ታዲያ ማን ይቆርጥለታል?»

«ዶሮዋ ራሷ፣ በገዛ ኢንዛይሟ። ከዚያ የቫይረሱና የሕዋሱ ሽፋን ይዋሃዳል፤ በቃ፣ ገባ።»

ጅል ናት አለ። ጅል አይደለችም፤ ያለ ኢንዛይሙ መኖር አትችልም አልኩት።

ሐሙስ ዕለት የቀረችን አንዲት ዶሮ አንገቷ ተጣመመ። እስከ ማታ አትቆይም ያልኩት እኔ ነኝ። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ ሴት ደግሞ አታርድም። ሁልጊዜ የሚያርድልን ጎረቤታችን ሸማኔው ኢታና ጠዋት ሸጎሌ ሄዷል። እማዬ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ወንድ እስኪያልፍ ጠበቀች። ማንም ሲጠፋ ይዛት ገባች፤ አምኃ በስመ አብ ብሎ አረደ። ሥጋ ልንበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሌላ ነገር ያሰበ አልነበረም።

ላባዋን ስንነጭ የአብዮት ጥበቃው ግዛቸው ስለ እሑዱ ስብሰባ ሊነግረን ገባ። ደሙን አየ።

«ማን አረደላችሁ?»

ኢታና እንዳንለው፣ ኢታና ጠዋት ሸጎሌ የሄደው ከራሱ ከግዛቸው ጋር ነው፤ እንዳልተመለሰ ያውቃል። እማዬ ከጣቷ ላባ ማራገፍ ያዘች። ደግሞ ጠየቃት፣ በትሕትና። የጓዳው መጋረጃ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ ያረድኩት» አለ አምኃ። «እሷን ተዋት።»

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ንዴቱም ጠፋ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ።

እማዬ ዶሮዋን ሠርታ አምኃ ወደታሰረበት ቀበሌ ወሰደችለት። ዕቃው ባዶውን ተመለሰ። ቅዳሜም እንደዚያው። እሑድ አብረን ሄድን፤ በረኛው ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልን።

«ከእንግዲህ አያምጡ» አላት።

እማዬ እሺ አለች።